ነባር አዲስ

ማርቆስ መናኸሪያ፣ ጥቅምት በገባ በአስር፣
ካርቶን ይዤ ቆምኩኝ ከባጃጆች መስመር፤
«እንኳን ደህና መጣችሁ» — ካርቶኗ ጠበበች፣
የመጨረሻዋ «ሁ» ጥጉ ላይ ታጠፈች።
የጮቄ ነፋስ ነው ጆሮ የሚቆርጠው፣
ረዳቱን ሳይቀር ጋቢ ያስለበሰው።

አውቶብሱ ቆመ፤ ፍሬሾች ወረዱ፣
ከነጀሪካኑ፣ ከነአባቱ አንዳንዱ።
አቀፍኳቸው ሁሉን፣ ባጃጅ አስገባሁኝ፣
የሸመደድኩትንም እንዲህ ስል ለቀቅሁኝ፦
«ካፌው በዚህ በኩል፣ ላይብረሪው በዚያ፣
ውሃ በሌሊት ነው፤ ባልዲ ግዙ ከገበያ!»

መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ፣ ብቻውን፣ ዝግ ብሎ፣
ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ።
«ፍሬሽ ነህ?» አልኩና እጄን ብዘረጋ፣
«አይደለሁም» አለ፤ ሻንጣው ወደ እሱ ተጠጋ።
«ሦስተኛ ዓመት ነኝ።
በዝውውር ነው፤ ከሀዋሳ መጣሁኝ።»

ዳንጊሶ ይባላል። ሸሚዙ ስስ ነው፣
የሐይቅ ዳር ሸሚዝ፣ ማርቆስን ያልጠረጠረው።
«ለምን ተዛወርክ?» አላልኩትም፤ ምክንያት እንደ ስንቅ ነው፣
ባለቤቱ ሲርበው እሱ ራሱ ይፍታው።
ልማድ ነውና «ካፌው በዚህ...» ብዬ ስጀምር፣
«ካፌማ አውቃለሁ» አለኝ፤ ዝም አልን እስከ በር።
እውነቱን ነው። ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ
ወረፋውም፣ ሽሮውም፣ የፋይናል ሌሊቱም አልፎበታል ሁሉ።

ሬጅስትራር። ወይዘሮ ጥሩዓለም መነጽራቸውን ገፍተው፣
«አስራ አንድ ክሬዲት አልተያዘም» አሉት፣ ቀና ሳይሉ፣ ማህተም መትተው።
ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፤ «አዲስ» እና «ነባር»።
እስክሪብቶው ከሁለቱ መሃል ቀረ በአየር።
«ሁለቱም ላይ አድርግ» አልኩት በሹክሹክታ።
«ይበላሻል!» አሉ፣ ሌላ ቅጽ አውጥተው በፊተኛው ፈንታ።

የበሩ ጥበቃ ጋሽ የኔዓለም፣ ልጅ ሳሉ ቅኔ የቆጠሩ፣
ነገሩን ሰምተው ከወንበራቸው ሳይነሱ ተናገሩ፦
«ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ ዞሬ፣
ትምህርትህ ተቀነሰ ያለኝ የለም እስከ ዛሬ!»
ሳቀ ዳንጊሶ። ዋሸራን አያውቀው፣
የሽማግሌው ቁጣ ግን ሆዱን አሞቀው።

ብሎክ አስራ አራት። አልጋ ተገኘ፤ ሎከሩ ቁልፍ የለው፤
ፕሮክተሩ ስሙን በእስክሪብቶ ጨመረው፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው።
የዶርሙ ልጆች ደግ ናቸው፤ ጫማ አነሱ፣ ቦታ ለቀቁ፤
አንዱ ግን «ድንቹ!» ሲል ሦስቱም እኩል ሳቁ።
ዳንጊሶም ሳቀ፤
ዘግይቶ ጀመረ፣ ቀድሞ ደረቀ።

ያቺ አንድ ትንፋሽ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ፣
በኦረንቴሽኑ ወረቀት ብፈልግ የጠፋችኝ።

በነጋታው ሄጄ የድንቹን ታሪክ ጠየቅኩ፤
ሙሉ ነገሩን ባጃጅ ውስጥ ለእሱ አራገፍኩ፦
በፍሬሽ ዘመናቸው፣ ያየህራድ የሚሉት
ከካፌ ወጥ ድንች ሲያድን መነጽሩ ገባ፣ በጭልፋ አወጡለት።
«ይሄ ነው?» አለኝ። «ይሄው ነው።» «አያስቅም።»
«አያስቅም» አልኩት።
ባለባጃጁ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ግን ሳቃችን አልቆም አለ፣ ብናፍነውም።

ሐሙስ ከሰዓት። ሰልባጅ ጃኬት ለብሶ
ሲያልፍ አየሁት፤ አንዲት ፍሬሽ አስቆመችው፣ ዕንባዋ ደርሶ፤
«ላይብረሪው በየት ነው?»
ጣቱን ቀሰረ፣ እንደ አገሩ ልጅ፣ እንደ ነባር ሰው፦
«ቀጥ በይ፣ ከዚያ ወደ ግራ፤ አትስቺውም» አላት።
ወደ ክሊኒኩ ነው የላካት።

ላርመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።
በሻወሩ ጀርባ ዞሬ ልጅቷን ደረስኩባት፣ መለስኳት፣
እሱ ሳያይ።
እጁን ኪሱ ከቶ፣ እያፏጨ፣
ወደ ብሎኩ ሲሄድ ተውኩት።